የቢጫው ካርቶን መርፌ

ጥፋቱ የራሷ ነው፤ ማንንም አታማርርም። መርፌ የሚጣልበት ቢጫ ካርቶን ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይታሸጋል፤ ይህ ለሷና ለሌሎቹ የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኞች ስንቴ ተነግሯቸዋል! ግን አዲስ ካርቶን በጠየቁ ቁጥር ዕቃ ክፍሉ ፊቱን ስለሚያጠቁርባቸው፣ ሁሉም በመዳፉ ጫን ጫን ያደርገዋል። እሷም ትናንት ጠዋት ጫን ስታደርገው አንዱ መርፌ ጓንቷን በስቶ መዳፏን ወጋት። የማን ደም እንደነበረበት እግዜር ይወቀው።

በሳሙና ታጠበችና ዝም አለች። ዝም! ምን ዓይነት ሞኝነት ነው? ቤት ስትገባ ግን ኤች አይ ቪ ቫይረስ ይዞኝ እንደሆነ ለሱ አላቀብልም ብላ የሰባት ወር ልጇን ጡት ከለከለችው። ልጁ ጡጦውን እየገፋ አገር ይያዝልኝ አለ።

"ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ጡትሽ ሞልቶ እየፈሰሰ በረሃብ ልትፈጂው ነው?" አሉ አማቷ።

"ትንሽ አሞኛል እማዬ።"

ቁጭ ትላለች፣ ትነሳለች፤ መስኮቱን ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋዋለች። እንዲህ የፈራችበት ቀን ትዝ አይላትም።

"ኧረ አንድ ቦታ ተቀመጪ፤ አዞርሽኝ!" ብሎ ባሏ ሳቀባት።

ዛሬ አላስቻላትም። የምርመራ ክፍሏን ነርስ ብቻዋን አግኝታ ሁሉንም ዘረገፈችላት።

"እና እስካሁን ምን ትጠብቂ ነበር? ደግነቱ ሦስት ቀን አላለፈሽም፤ መከላከያ ኪኒኑ ይደርስልሻል። መጀመሪያ ግን ያንቺን ደም ልየው፤ ደንቡ ነው" አለቻት ነርሷ።

ኮሪደሩ ላይ ስትንጎራደድ ቆይታ ተጠራች። ነርሷ ዓይኗን ማየት አልቻለችም።

"ተቀመጪ እህቴ። በሦስት መመርመሪያ አየሁት። ቫይረሱ ደምሽ ውስጥ አለ።"

"ወይኔ! ያ መርፌ!"

"የትናንቱ ዛሬ በምርመራ አይታይም። ይሄ የቆየ ነው።"

"እንዴት ተደርጎ? እርጉዝ ሳለሁ ተመርምሬ ነፃ ነሽ ተብያለሁ እኮ! ከዚያ ወዲህ መርፌ የወጋኝ ትናንት ብቻ ነው። ከባሌ ሌላ ወንድ አላውቅም!"

የተናገረችው ለራሷ ሲገባት ክው አለች። ትናንት ልጇን የከለከለችውን ጡት ሰባት ወር ሙሉ አጥብታዋለች።

"መድኃኒት አለው፤ ላንቺም ለልጅሽም። አሁኑኑ አምጪውና ልመርምረው" አለች ነርሷ፣ እጇን ይዛ።

ቤት ደወለች።

"እማዬ፣ ልጁን ያልብሱልኝ፤ መጣሁ። አባቱም ከቤት ንቅንቅ እንዳይል።"