የእናታችን ችሎት

ሰው ውል ሲያነብ ዋጋውንና ቀኑን አይቶ ብዕር ይጠይቃል። መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለት አንቀጾች ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም፤ ጠብ ሲመጣ ማን ይዳኛል የሚለውንና ሕጉ ቢቀየርስ የሚለውን። እኔ የምተዳደረው ውል በመጻፍ ስለሆነ እነዚህ ሁለቱ እንቅልፍ ይነሱኛል። ደንበኞቼ ተቃቅፈው መጥተው፣ ተሳስቀው ፈርመው ይሄዳሉ። ስልክ የሚደውሉልኝ ሲኮራረፉ ነው።

አባታችን ሲያርፍ የልብስ ማጠቢያ ላውንድሪው ለታላቅ ወንድሜና ትንሿ ለምንላት ለታናሽ እህቴ እኩል ደረሰ። የአንቺ ድርሻ በትምህርት አልቋል እያሉ ይቀልዱብኛል፤ ደግሞም እውነታቸውን ነው። ወንድም ጋሼ ሾፌር ነው፤ ዕድሜ ልኩን የነዳው የሰው መኪና ነው። ትንሿ ግን እዚያው እንፋሎት ውስጥ ነው ያደገችው። የሸሚዝ ኮሌታ አገላብጣ አይታ ባለቤቱ ምን ሠርቶ እንደሚያድር ትነግራችኋለች።

ውላቸውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ካልተስማሙ እናታችን ትዳኛለች፣ ቃሏም የመጨረሻ ነው አልኩ። ቀጥዬም፣ ሐሳቧን ከቀየረች የኋለኛው ቃሏ ይጸናል ብዬ ጨመርኩ። ወንድም ጋሼ እዚህች ጋ ሲደርስ ሳቁን ለቀቀው።

"እማዬ? እማዬ ደግሞ መቼ ሐሳቧን ቀይራ ታውቃለች?"

እውነት ነው፤ እናታችን አንዴ እንቢ ካለች አለቀ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ቢለምናት ንቅንቅ አትልም ነበር። ቢሆንም ሕግ አይቀየርም ብዬ አላምንም፤ አንቀጹ ይኑር አልኩና ፈረሙ። ዛሬም ብጽፈው እንደዚያው ነው የምጽፈው።

ከዚያ እማዬ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ ቁልፍ ጠፋባት፣ ቀጥሎ የዕቃ ስም፣ በመጨረሻ ሰው። አንዳንድ ቀን ደህና ሆና ትውላለች፤ አንዳንድ ቀን እኔን የሠፈር ነርስ አድርጋ "መርፌው ይቅርብኝ" ትለኛለች።

በዚህ መሐል አንድ ሰው ላውንድሪውን ገዝቼ ፋርማሲ ላድርገው ብሎ መጣ። ወንድም ጋሼ ልቡ ተነሣ፤ በድርሻው የራሱን መኪና ሊገዛ ነው። ትንሿ ደግሞ የካውያውን ገመድ ሳትነቅል እየሮጠች ቢሮዬ መጣች።

"ከተሸጠ እኔ የት ልግባ? ከዚህ ሌላ ምን አውቃለሁ?"

ሰኞ ማታ ወንድም ጋሼ ደወለ። "እማዬ ፈርዳለች፤ ይሸጥ ብላለች።" ማክሰኞ ጠዋት ትንሿ ደወለች። "አይሸጥም ብላለች! የኋለኛው ቃል አይደል የሚጸናው? ራስሽ አይደለሽ የጻፍሽው?" ማታ እንደገና እሱ፣ በማግስቱ እንደገና እሷ። ምስኪኗን ሴትዮ አንዱ ሲወጣ አንዱ እየገባ "እሺ" ያሰኟታል። አንጀቴ አረረ። እናታቸውን ማኅተም አደረጓት።

ቅዳሜ ሁለቱንም ሰብስቤ እማዬ ዘንድ ይዣቸው ገባሁ። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ፎጣ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች። ወንድም ጋሼ ሊስማት ጎንበስ ሲል ቀና ብላ አየችው።

"ይቀመጡ እንጂ፣ ለምን ቆመው ይቀራሉ?"

አንተ ስትለው የኖረች እናቱ አንቱ አለችው። ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ትንሿ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

እኔ ነገሩን እንደ ሰው ጉዳይ አድርጌ ነገርኳት። አንድ ወንድምና አንዲት እህት ሱቅ ወርሰዋል፤ እሱ ይሸጥ ይላል፣ እሷ አይሸጥም ትላለች። ፎጣውን ትታ፣ ግንባሯን ቋጥራ፣ እንደ ድሮዋ አዳመጠችኝ።

"የምትሠራበት እሷ ናት?"

"አዎ።"

"እሱስ ቢሸጥ መብቱ አይደለም?"

"መብቱ ነው።"

"ታዲያ ወደ እኔ ምን አመጣችሁ?" አለች ቆጣ ብላ። "ልጆቹን አላውቃቸው፣ ጠባያቸውን አላውቅ። በሰው ቤት ገብቼ ምን ብዬ ልፍረድ? እናት የላቸውም እንዴ? እሷ ትየዋ!"

ፍርድ ቤት ቢሆን ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የለኝም ብሎ መዝገብ መዝጋት ይባላል። ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከገዛ እናቴ አፍ ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነው።

መልሱን የሰጣት ወንድም ጋሼ ነው።

"እናት አላቸው። ግን... ደክማለች፤ መዳኘት አልቻለችም።"

"ውይ፣ እኔን!" አለች ከልቧ አዝና። ትንሽ አሰበች። "ትልቁ ማን ነው?"

"ልጁ።"

"እንግዲያው እሱ እናት ይሁናታ። ሌላ ምን ይደረጋል?"

ወንድም ጋሼ ትንሿን አያት። እሷ አላየችውም፤ እንባዋን በፎጣው ጫፍ ትጠርጋለች። እሱ መዳፉን ጉልበቱ ላይ ሲያሽ፣ ሲያሽ ቆየ። መኪናዋን ምን ያህል እንደሚፈልጋት አውቃለሁ፤ ቀለሟን ሳይቀር መርጦ ነበር።

"በቃ፣ አይሸጥም" አለ።

እማዬ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው።

"ልጁ እርስዎ ነዎት እንዴ?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"እናትዎ ታድለዋል" አለችው፤ ፎጣዋንም ከትንሿ እጅ ተቀብላ ማጠፍ ጀመረች።

ወንድም ጋሼ የአባታችን ቀብር ላይ እንኳ አላለቀሰም። ያን ቀን ግን ተንሰቅስቆ ሲያለቅስ፣ እማዬ እንደ እንግዳ ሰው አፍራ "አይዞዎት፣ አይዞዎት" ትለው ነበር።