የጨዋው ታማሚ ክፍል

የታማሚዎች ክፍል ኃላፊዋ ነርስ ሆስፒታሉ ባዘጋጀው ሥልጠና ላይ የተቀመጠችው ፊቷን ቋጥራ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ታማሚ ስታስታምም ለኖረች ሴት፣ በዕድሜ የምታንሳት የአእምሮ ሐኪም ስለ ሰው ሐዘን ልታስተምራት መቆሟ አልተዋጠላትም። ከጎኗ ያለው፣ ባልደረቦቹ በቀልዱ ብዛት «ጨው» የሚሉት ነርስ ደግሞ የሻይ ሰዓት መቼ እንደሆነ በሹክሹክታ ይነዘንዛታል።

ሐኪሟ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲለማመዱ አደረገች። አንዱ ታማሚ ይሆናል፤ ሌላው ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነ ፊት ለፊት ይጠይቀዋል። መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ልብ ውስጥ አይከትም፣ እንዲያውም ያስተነፍሳል አለች። ጨው ታማሚ ሆኖ ሲያቃስት አዳራሹ ሳቀ። ኃላፊዋ ግን ቃሉን ሸሽታ «ትንሽ ከፍቶሃል እንዴ?» ብላ አለፈችው።

«ይሄንንማ ሚስቴም ትጠይቀኛለች» አላት።

ከዚያ ሐኪሟ፣ ሰሞኑን መጨነቅ ያቆሙለትን ታማሚ እያንዳንዳቸው እንዲያስታውሱ ጠየቀች። ሲቆጣና ሲያዝን ከርሞ ድንገት የረጋ፣ ዕቃውን ለሰው ማደል የጀመረ። አንዳንዱ እውነትም ተሽሎት ነው፤ አንዳንዱ ግን የረጋው ራሱን ሊያጠፋ ስለወሰነ ነው። የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቁት አይታወቅም።

ኃላፊዋ አንድ ሰው ታወሳት። አንድ እግሩን በአደጋ ያጣ የከባድ መኪና ሾፌር ክፍሏ ተኝቷል። በእርግማን ሲያምሳቸው ከርሞ ሰሞኑን ሰላምተኛ ሆኗል፤ ሬዲዮኑን አጠገቡ ለተኛው ሰው፣ ጃኬቱን ለጽዳት ሠራተኛው ሰጥቷል። በክፍሉ ደግሞ የቆየ ልማድ አለ፤ የማያስቸግር ታማሚ ይሸለማል። ሽልማቱ ከኮሪደሩ ጫፍ ያለችው ጸጥተኛ ነጠላ ክፍል ናት፤ ከነርሶቹ ጠረጴዛ የራቀች፣ በሯ የሚዘጋ። ዛሬ ጠዋት አልጋውን ገፍታ ያስገባችው ራሷ ናት። «ጨዋ ታማሚዬ» ብላ ትራሱንም አመቻችታለታለች።

ሐኪሟ ንግግሯን ሳትጨርስ ኃላፊዋ ብድግ አለች።

«ሻይ ገና ነው እኮ» አለ ጨው። እሷ ግን ወደ ኮሪደሩ ጫፍ እየሮጠች ነበር።

ሾፌሩ ጢሙን ተላጭቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ስታየው ትንፋሿ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል?»

ሳቅ አለ። ሲስተርን ዛሬ ምን ነካት፣ ሙቀቷን የሚለካላት ሰው የለም ወይ ብሎ ሊቀልድ ሞከረ። እሷ አልሳቀችም፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቀልዱ ሲያልቅበት መስኮቱን ማየት ጀመረ።

«ለዛሬ ነበር ያሰብኩት» አላት።

ከዚህ በኋላ የሚባለው በቀረው ትምህርት ውስጥ ይኖር ይሆናል። እሷ ግን ጥያቄውን ብቻ ይዛ ነው የወጣችው።

«አሁን ምን እንደሚባል አላውቅም ጋሼ። ብቻዎን ግን አልተውዎትም።»

ሳትነሣ ከአልጋው ራስጌ ያለውን መጥሪያ ተጫነች። ለታናሽ እህቱ እንዳትነግርበት ለመናት፤ የተሻለው መስሏት እሱን ልትቀበል ቤቷን እያሰናዳች ነው። ነርሷ እንዲህ ያለ ነገር ደብቃ መያዝ እንደማትችል፣ ሲነገርም እሱ ባለበት እንደሚሆን ነገረችው። ተቆጣ።

«ዕድሜ ልኬን የሰው ጭነት ሳደርስ ኖርኩ። አሁን እኔው ጭነት ልሁን?»

ነርሷ ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠጋች። ጨው እያለከለከ ደረሰ፤ ፊታቸውን አይቶ አልቀለደም። በዓይኗ ስትጠቁመው ለጉዳት የሚሆነውን ዕቃ ሁሉ ከክፍሉ ሰብስቦ ሐኪሟን ሊጠራ ሮጠ።

ሐኪሟ ስትገባ ሾፌሩ ከላይ እስከ ታች አያት።

«አንቺ ነሽ ያስተማርሻት?»

«ገና ግማሹን ነው።»

ነርሷ ወንበሩን ልትለቅላት ተነሣች። ሾፌሩ የነርሷን ጋውን እጅጌ ያዘ።

«እሷም ትቆይ።»

ሐኪሟ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ነርሷም ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ሾፌሩ እጅጌዋን ሳይለቅ፣ እህቱ ቤት በር ላይ ስላለው፣ በአንድ እግሩ ስለማይወጣው ደረጃ መናገር ጀመረ።