የማንጎዋ መልስ

ኻንግ ከሞተ አራት ወር ሆነው። ሚስቱ ሉዋ አላለቀሰችም፤ የጓሮ ሥራዋንም አላቋረጠችም። በቀብሩ ማግስት ዛፎቿም እንዲያዝኑ ግንዳቸው ላይ የሐዘን ነጭ ጨርቅ አሰረች። በሁለተኛው የጨረቃ ወር የቅል ዘር ቀበረች፣ በሦስተኛው የቀርከሃ ዳስ አቆመችለት፣ በአራተኛው ከጎመኑ ላይ ትል ለቀመች። እጇ ይሠራል እንጂ ልቧ የለም። የበሰለ ፓፓያ ቢወድቅ አልፋው ትሄዳለች። መንደሩ መቼ አፉን ይይዛል! "ደረቅ" አላት።

ልጇ ሚየን ከሳይጎን ከተማ መጣች።

"እማ፣ ቤቱን ዘግተን አብረን እንሂድ። ይቺንም ማንጎ እናስቆርጣት። ሦስት ዓመት ሙሉ ጥላ ብቻ!"

"በአምስተኛው ወር አምስተኛ ቀን ትጠየቃ" አለች ሉዋ።

በዚያን ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ያላፈራ ዛፍ ይመረመራል። አንዱ ገጀራ ይዞ ያስፈራራል፤ ሌላው ዛፉ ላይ ወጥቶ በዛፉ ፈንታ ይመልሳል። ዛፍ ሁሉ "አፈራለሁ" ብሎ ይምላል፤ ምሎ ይተርፋል። ድሮ ገጀራው የሉዋ፣ ቅርንጫፉ የኻንግ ነበር። "እመቤቴ፣ ባልሽ አረቄውን ብቻውን እየጠጣ በውኃ ጥም ገደለኝ!" እያለ ጎረቤቱን በሳቅ ይገድል ነበር።

ዘንድሮ ገጀራውን ሚየን ያዘች። ሉዋ በስልሳ አራት ዓመቷ መሰላል ወጥታ ዝቅተኛው ቅርንጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ሚየን ግንዱን በገጀራው ጀርባ መታችው። "አንቺ ሰነፍ! ለምን አላፈራሽም?"

"አላሰኘኝም።"

"ውኃ ጎደለብሽ? ፍግ አነሰሽ?"

"ምንም አልጎደለብኝ።"

"ታዲያ ምን ሆንሽ?"

"የሚያስቀኝ ሰው ሞተብኝ።"

ሚየን ደነገጠች። ምርመራ ግን ተጀምሮ አይተውም። ቀስ ብላ ደግማ መታች።

"ለከርሞ ታፈሪያለሽ ወይስ ልቁረጥሽ?"

ሉዋ "አፈራለሁ" ማለት ነበረባት።

"እኔ እንጃ" አለች። "ብቻ አትንቀዪኝ።"

እንዲህ ብሎ የመለሰ ዛፍ በመንደሩ ተሰምቶ አያውቅም። ሚየን ገጀራውን ሣሩ ላይ ጣለችና የእናቷን እግር በሁለት እጇ ያዘች።

"ምሬሻለሁ፤ እዚሁ ቁሚ" አለቻት። "አሁን ውረጂ፣ ፓፓያ ልላጥልሽ።"

ሉዋ ወረደች። የፓፓያው ጣዕም አልታወቃትም፤ ግን ሳህኑን ጨረሰችው።