ለጋራ ድስት ያልተመቸች ቄብ

አሰፋች ቄቧን ከሱዳኑ ገዳሪፍ ገበያ ያመጣቻት በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ነው። ዶሮ ነጋዴው አንድ እግሯ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ቄብ ከቅርጫቱ ጎትቶ አውጥቶ መሬት ላይ ወርውሯት ነበር። "ለድመት ናት፤ ከፈለግሽ ውሰጃት" አላት። ድመቷ ከመድረሷ በፊት አሰፋች ደረሰች። ይሄም ቀላል አይደለም፤ ከአርማጭሆ ድንበር ድረስ በእግሯ ስትመጣ ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ ጠማማ ስለገጠመ፣ እሷም ብትሆን የምትራመደው አንድ እርምጃ ለራሷ አንድ እርምጃ ለእግሯ እያካፈለች ነው።

የምትኖረው እትዬ ኡምሰልማ ግቢ ነው። እትዬ ኡምሰልማ የመተማ ሰው ናቸው፤ በሙሽርነታቸው ገዳሪፍ ገብተው ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። በሰባ ስድስትና በሰባ ሰባት ድርቁ ሰዉን ከአገር ሲነቅለው፣ ክርስቲያን እስላም ሳይሉ ዘጠኝ ነፍስ አስጠጉ። ሕጋቸው አንድ ነበር፦ በበር የገባ የሚበላ ነገር ሁሉ ለጋራ ድስት። ድስቱም አንድ ነበር፤ በውስጡም የሚገኘው አንድ፤ አሲዳ የሚሉት የማሽላ ገንፎ በደረቀ ባሚያ።

የራሳቸው ሀብት ስምንት ዶሮዎች ናቸው። አለቃቸው አንገተ ወፍራም ቀይ ዶሮ ስትሆን፣ እሷ በልታ ሳትጠግብ ሌላው ስለማይጠጋ "ሼካዋ" ይሏታል። አሰፋች ቄቧን በማግስቱ ጠዋት ለቀቀቻት። ሼካዋ እንደ ቀረጥ ተቀባይ ዞር ዞር ብላ አየቻትና ከማጅራቷ ላይ ነቆረቻት። ደም ሲታይ ሰባቱም ተከተሉ። አሰፋች በመጥረጊያ ባትደርስላት ኖሮ ይገድሏት ነበር።

በዚህ ጉዳይ ስብሰባ የጠራው ከዘጠኙ አንዱ፣ ጋረደው ነው። ጋረደው በአገሩ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበረ። ደርግን ሸሽቶ ሲሰደድ መሬቱን ጣለ፣ በሬዎቹን ጣለ፤ ስብሰባውን ግን ተሸክሞ ሱዳን አስገባው።

"ጓዶች" አለ ከግቢው ዛፍ ጥላ ሥር፣ ከቤቱ ሰዎች ፊት ቆሞ። "አንደኛ አጀንዳ፣ ቄቧ። ጥሬ ትበላለች፣ እንቁላል የላትም፣ መንጋውም አልተቀበላት። ትታረድ።"

"ወላሂ ትታረድ!" አለ ከማሉ፣ የእትዬ ኡምሰልማ ታናሽ ወንድም። ገበያ ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ነው። "ሥጋ ካየን ስንት ጊዜያችን ነው?"

እጅ ወጣ። የርሃብ እጅ ፈጣን ነው።

"በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ሁለተኛ አጀንዳ፣ አሰፋች። ሰሊጥ አረም አትወጣም፣ ውኃ አትቀዳም። ስደተኛ ካምፕ ሄዳ ብትመዘገብ ለራሷም..."

አሰፋች የቀረውን አልሰማችም። እሷና ቄቧ በአንድ ቃለ ጉባኤ ገብተዋል። ካምፑን ታውቀዋለች፤ ታናሽ እህቷን ቀብራ የወጣችው ከዚያ ነው። ጥፍሯ ተነቅሎ ካልሆነ አትመለስም።

"እሺ" አለች፣ ድምጿን እንደ ማር አለዝባ። "ትታረድ። አራጁስ ማን ነው?"

"እኔ ነኛ!" አለ ጋረደው። "በስመ አብ ብዬ..."

"ቆይ፣ ቆይ" አለ ከማሉ። "አንተ ያረድከውን እኔ ልቀምስ?"

"አንተ ቢስሚላሂ ካልክባት እኔስ ምን ልበላ ነው?"

"አሲዳ ብላ!"

"አሲዳውንማ ዓመት ሙሉ በላሁት!"

ዓመት ሙሉ በአንድ ድስት ዙሪያ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ሲበሉ፣ አንድም ቀን ይሄ ጉዳይ አልተነሣም ነበር። ሥጋ ኖሮ አያውቅማ! ድህነታቸው ያስማማቸውን ሰዎች አንዲት አንካሳ ቄብ በታተነቻቸው።

"ለሁለት እንከፍላታለና" አለ ከማሉ። "ግማሿን አንተ ታርዳለህ፣ ግማሿን እኔ።"

"አንገቷ አንድ ነው" አለች አሰፋች፣ ያዘነች መስላ።

"ኸላስ፣ በቃ!" አሉ እትዬ ኡምሰልማ። "እስከ ጁምዓ ትቆይ። ከመንጋው ገብታ ራሷን ችላ ከለቀመች ትኖራለች። ካልሆነ ትሸጥና ምስር ይገዛባታል። ምስር እንደሆነ አራጅ አይፈልግም።"

"የአሰፋችስ አጀንዳ?"

እትዬ ኡምሰልማ አሰፋችን አይን አይኗን አዩአት። "እሱም እስከ ጁምዓ።"

ቀኑ እሑድ ነበር።

አሰፋች በመጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች። የቲማቲም ሳጥን ደፍታ ቄቧን ከሥሩ አስገባችና መንጋው መሐል አስቀመጠቻት፤ በእንጨቱ ክፍተት ያዩዋታል እንጂ አይነቁሯትም። በዓይን ይላመዱ ብላ ነው። ማክሰኞ ሳጥኑን ስታነሣው ሼካዋ ለሁለት ቀን ያጠራቀመችውን ንቁሪያ በአንድ ጊዜ ከፈለቻት።

አሰፋች ቁስሉ ላይ አመድ ነስንሳ ተቀመጠችና አየች። ሰባቱ ዶሮዎች በራሳቸው ክፉ አልነበሩም። ቀና ብለው ሼካዋን ያያሉ፤ ሼካዋ ከነቆረች ይነቁራሉ፣ ሼካዋ ከተወች ይተዋሉ። ልክ እጅ እንደማውጣት።

"እንዲያ ከሆነ" አለች ለራሷ፣ "ተበዳይዋን ለምን አስራለሁ?"

ሼካዋን በሁለት እጇ አፈፍ አድርጋ ከቤቱ ጀርባ ወሰደቻት፤ ሳጥኑን ደፋችባት፣ ከላዩ ጆንያ ጣል አደረገችበት። ጥሬና ውኃ አልከለከለቻትም።

ጋረደው ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። "አንቺ ሴትዮ፣ ጤነኛዋን አስረሽ አንካሳዋን ትለቂያለሽ?"

"ሊቀመንበሯ ግምገማ ላይ ናት፣ አያ ጋረደው።"

"መቼ ነው የምትፈታው?"

"ጉዳዩ እየተጣራ ነው።"

ጋረደው ይህን ቃል በስንት ሰው ላይ ተናግሮት እንደነበር ትዝ ሳይለው አልቀረም፤ ፊቱን አዙሮ ሄደ።

መንጋው ያን ቀን ግራ ገባው። ማን መጀመሪያ እንደሚበላ የሚነግረው ጠፋ። አሰፋች ጥሬውን ሦስት ቦታ በተነችው። ረቡዕ አንዷ ዶሮ ከቄቧ ጎን ቆማ ለቀመች፣ ሐሙስ ሦስቱ። ቄቧም ብልሃት አወጣች፤ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ በደህናው እግሯ ተደግፋ ፊት ለፊቷን ብቻ ትጠብቃለች።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሁሉም ተሰበሰበ። ጋረደው ቄቧን እግሯን አስሮ ገበያ የሚወስድበትን ገመድ ይዟል። እትዬ ኡምሰልማ ማሽላ በሳህን አመጡ።

"ሼካዋ ሳትኖር አይቆጠርም!" አለ ጋረደው። "ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም!"

አሰፋች ከቤቱ ጀርባ ሄዳ ሳጥኑን አነሣች።

ሼካዋ እንደ ድሮዋ ደረቷን ነፍታ ወደ ጥሬው ገሰገሰች። መንጋው መንገድ አልለቀቀም። ሦስት ቀን ያላዩአትን ዶሮ እንደ እንግዳ አዩአትና አንዷ ከጎኗ ነቆረቻት። ሼካዋ ደነገጠች። ንዴቷን የምትወጣበት ፈለገችና ወደ ቄቧ ሮጠች።

ሌላ ዶሮ ብትሆን ትሸሽ ነበር። ቄቧ ግን መሸሽ አትችልም። ስለዚህ ቆመች። ሼካዋ ስትደርስ በአንድ እግሯ ዘለለችና ከራሷ ላይ ነቆረቻት፤ ደገመቻት። ሼካዋ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ቄቧ አንገቷን ደፍታ ማሽላዋን መልቀም ጀመረች።

"ማሻአላህ!" ከማሉ ጭኑን መታ።

"ደንብ ተጥሷል!" አለ ጋረደው። "ሼካዋን አስራ አዳክማታለች!"

"ይግባኝ በላ" አለችው አሰፋች።

"ያንቺስ አጀንዳ? ካምፑ..."

"እኔም መሸሽ አልችልም፣ አያ ጋረደው" አለች አሰፋች፣ ጠማማ እግሯን ወደ ፊት አውጥታ። "ስለዚህ የትም አልሄድም። ያነከሰ ሁሉ ከግቢ ይውጣ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ቄቧን አባሩልኝ። እስቲ ሞክሩ!"

ማንም አልሞከረም። እትዬ ኡምሰልማ ሳህኑን አቀበሏት። "ከዛሬ ጀምሮ ዶሮዎቹ ያንቺ ናቸው" አሏት። "ማማሰያውንም ያዢ። እኔ እጄ ደክሟል።"

ምሳ ሲደርስ ከድስቱ አጠገብ የተቀመጠችው አሰፋች ነበረች። ጋረደው እንደ ልማዱ ከሁሉ ቀድሞ ሳህኑን ዘረጋ።

አሰፋች አሲዳውን አንድ ጊዜ አማሰለች።

"ከኋላ ተሰለፍ፣ ጓድ ሊቀመንበር" አለችው። "ይደርስሃል። እዚህ ቤት ሳይበላ የሚያድር የለም።"