ጠጠር ወዳዷ

«ተይ!» ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ታናሽ እህቷ ጓሮ ተንበርክካ፣ አባታቸው የተዉላትን ጣሳ በፍግ እየሞላች ነበር። ታላቂቱ በመስኮት ታያታለች። አባታቸው ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል።

አባትየው ዕድሜ ልካቸውን ችግኝ ሲያፈሉ ኖረዋል። ጣሳው ውስጥ ያለችው ግን ከድንጋይ ካባ ያመጧት እሾሃም የዱር ተክል ናት። «ይቺ የምትኖረው ጠጠር ላይ ነው» ይሏት ነበር ታላቂቱን። «ፍግ ካቀመስሻት አበቃላት።»

አሥራ ስምንት ዓመት ከጎናቸው አፈር የነፋችው ታላቂቱ ናት። ታናሽየዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ዶማና አካፋ ለይታ አታውቅም። አባትየው ግን አልጋ ላይ ሆነው «ጣሳዋ ለትንሿ» አሉ። በቃ። ለታላቂቱ አንድ ቃል እንኳ አልተረፋትም። ከዚያ ወዲህ እህቷን ዓይን ለዓይን አታያትም፤ ለቀስተኛው ሐዘን ይመስለዋል። ቅናት ነው።

«ትልቋ እንኳ ጠንካራ ናት፤ ጠብታ እንባ አልወጣትም» አሉ አንዲት ጎረቤት በሹክሹክታ።

«የምታሳዝነኝ ትንሿ ናት። እንዴት ይወዷት ነበር!» አለች ሌላዋ።

ዝም አይነቅዝም፣ አለች ታላቂቱ በልቧ። ትድረቅባት!

በስድስተኛው ቀን ቅጠሎቹ ጠቋቁረው ተጠቀለሉ። ታናሽየዋ ጣሳዋን ታቅፋ፣ ዓይኗ አባብጦ ወጥ ቤት ገባች።

«እትዬ፣ ልትሞትብኝ ነው። እንድትጠነክር ብዬ ፍግ ሰጥቻት ነበር።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ፈርቼሽ ነዋ! ጣሳዋን ከሰጡኝ ጀምሮ መቼ ዓይኔን አይተሽኝ ታውቂያለሽ? አባባን ‹ለምን ለሷ አይሰጧትም?› ብላቸው፣ ‹አንቺ ሲጨንቅሽ ሄደሽ ትጠይቂያታለሽ፤ እሷ ግን ሞታ ማንንም አትጠይቅም። ብቻዋን እንዳትቀርብኝ ብዬ ነው› አሉኝ።»

ታላቂቱ ጣሳዋን ተቀብላ ገለበጠቻት። ሥሮቹን ከፍጉ እየለየች ውሃ ታፈስባቸው ጀመር።

«አይቼሻለሁ» አለች ቀና ሳትል። «ፍጉን ስትጨምሪ በመስኮት አይቼሽ ነው ዝም ያልኩት። ይቺ የምትኖረው ጠጠር ላይ ነው።»

ታናሽየዋ አየቻት። ከዚያ ጠጠር ልትለቅም ወጣች።

የታላቂቱ እንባ ያኔ ወረደ። ሥሮቹ እንዳይበጠሱ በሁለት እጇ ይዛቸው ስለነበር፣ አልጠረገችውም።