ከገንዳው ጀርባ የበቀለችው ዱባ

ዝናብ ሳይዘንብ የለመለመ ነገር ሳይ ደስ አይለኝም። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር ከታየ አንድ ሰው ውሃ እየሰረቀ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ በሐምሌ፣ ፍየሎቻችን የደረቀ ሣር አጥተው የአጥሩን ድንጋይ መላስ በጀመሩበት ሰሞን፣ ከውሃ ገንዳችን ጀርባ አንዲት ዱባ ሰፋፊ ቅጠሏን ዘርግታ ሳገኛት መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ዱባዋ አልነበረም። ስለ እንጀራ እናቴ ነበር።

ኛ ዙልሚራ አባቴን ያገባችው ከፋሲካ በኋላ ነው። ትልቅ ሴትን «ኛ»፣ ትልቅ ወንድን «ኞ» ብሎ ያልጠራ ልጅ እኛ ጋ በጥፊ ይማራል፤ እኔም እጠራታለሁ። የመጣችው ከእሳተ ገሞራው ማዶ ነው። እዚያ ጉሙ ተራራውን ታቅፎ ስለሚውል ሙዝ ማንም ሳያጠጣው ያፈራል። አንድ ደሴት ነው፣ ፎጎ፣ ግን በእነሱ በኩል የሚዘንበው ሁሉ ተራራው ጋ ሲደርስ ያልቅና ለእኛ የሚተርፈን ነፋሱ ነው። አባዬ ከእዚያ አገር ሚስት አመጣ። ውሃ እንደ አየር ዝም ብሎ የሚገኝ ለመሰላት ሴት የገንዳውን ቁልፍ ሰጣት፤ እሷም በክር አድርጋ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። ያ ቁልፍ ከዚያ በፊት እኔ ጋ ነበር።

የገንዳው ጉዳይ ለእኔ ዋዛ አልነበረም። ባለፈው ዓመት ዝናቡ ሳይመጣ ቀረ። በቆሎውን በደረቁ አፈር ዘርተን ጠበቅን፣ አንድ ቀን ካፊያ ጣለ፣ በቆሎው ተታሎ በቀለ፣ ከዚያ ፀሐይ ጠበሰችው። ገንዳችን የጣሪያ ውሃ ካልሞላው ከቦቴ መግዛት ነው፣ ለቦቴ ደግሞ አቅም የለንም። አባዬ ቁርጡን ነገረኝ፦ ዘንድሮ ገንዳው ከሞላ እቀራለሁ፤ ካልሞላ ሳንፊሊፕ ከተማ ዶና ሊዝቴ ቤት እሄዳለሁ፣ የሚጠጣ አንድ አፍ ይቀንሳል። ዶና ሊዝቴ የክርስትና እናቴ ናት። አንድ ጊዜ እሷ ቤት ከርሜ አውቃታለሁ። ፍሪጇን ትቆልፋለች፣ ውሻዋ ከእኔ በፊት ይበላል፣ ወለሏን ስወለውል ከኋላዬ እየተከተለች በጣቷ ትዳስሳለች። እዚህ ፍየሎች አሉኝ፣ ኮረብታ አለኝ፣ የሚያዘኝ ሰው ቢኖርም ራቅ ካልኩ አይሰማኝም። አራተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርቴን ያቆምኩት ከሩቅ ውሃ ለመቅዳት ነው፤ ለውሃው ያን ያህል ከከፈልኩ በኋላ በውሃ ምክንያት ልባረር?

ታዲያ ገንዳው ውስጥ፣ ወለሉ ላይ፣ ማንም የማይነካት ውሃ አለች። ወለሉ ጨርሶ ከደረቀ ግድግዳው ይሰነጠቃልና ሁሉም ቤት እንዲህ ያለች ውሃ ያስቀራል። ኛ ዙልሚራ ክዳኑን ስትከፍት በትከሻዋ ላይ አጮልቄ አየሁ። ውሃዋ ቀንሳለች። በሌላ ቀን አየሁ፤ ይበልጥ ቀንሳለች። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው። ዱባዋ ደግሞ አበባ አውጥታለች።

ገንዳው ያፈሳል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። አባቴ አደሪቶ ግንበኛ ነው፣ ገንዳውን የሠራው ራሱ ነው። የአደሪቶ ግንብ እንባ እንኳ አያሳልፍም እያለ በየሠርጉ ይፎክራል። ስለዚህ ውሃ ከጎደለ ጥፋቱ የሰው እንጂ የግንብ ሊሆን አይችልም።

መከታተል ጀመርኩ። በየጠዋቱ ክዳኑን ከፍታ ትመለከታለች፣ ከንፈሯን ትመጥጣለች፣ ከዚያ ዞር ብላ እኔን ታያለች። ለጎረቤቶች ሰላምታ ስትሰጥ እጇ ቁልፉ ላይ ነው። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ባቄላ ስፈለፍል ከኋላዬ መጥታ አናቴን አሸተተች። እውነቴን ነው፣ እንደ ድመት። ምን ሆነው ነው ብላት ምንም አለችና ሄደች። እዚያ ማዶ ሰው ከመርገማቸው በፊት ያሸቱታል እንዴ ብዬ ለጎረቤታችን ለኞ ቶቲ ነገርኩት። ሽማግሌው ሳቀና እኔም ራሴን አልፎ አልፎ ባሸት ጥሩ እንደሆነ መከረኝ።

ኞ ቶቲ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ፒፓውን እያጨሰ ሰማይ ሲጠብቅ ይውላል። ሬዲዮኑ ይዘንባል ካለ የታጠበ ልብስ ያሰጣል፤ የሚያምነው ጭሱን ብቻ ነው። ጭሱ ወደ ባሕሩ ከሄደ ያው የዓመቱ ነፋስ ነው፣ ምንም የለም። ወደ ተራራው ከዞረ ግን ነገር አለ። እኔ ጭሱንም አላምነውም። አምና ዞሮ ነበር።

በነሐሴ ውስጥ፣ ከበረሃ የመጣው አቧራ ሰማዩን አመድ አልብሶት ከሰነበተ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ማሳ ላይ ሆኜ ዘሩን እየጫሩ የሚያወጡትን ጅግራዎች በድንጋይ ሳባርር ነፋሱ ጉንጬን መምታቱን ተወና ማጅራቴን መታኝ። ቀና አልኩ። የኞ ቶቲ ጭስ ወደ ተራራው ይሄዳል። በስተደቡብ ባሕሩ ላይ ሰማዩ ጠቁሯል።

ዘንድሮ እንደ አምና አይሆንም ብዬ ሮጥኩ። አሸንዳው ጫፍ ላይ የጣሪያውን ውሃ ወደ ገንዳው የምታገባ አንዲት ቁራጭ ቆርቆሮ አለች። የመጀመሪያው ውሃ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ እስኪወርድ ትነሳለች፣ ከዚያ ትመለሳለች። ያን የማደርገው እኔ ነኝ። ቆርቆሮዋን ላዘጋጅ ከገንዳው ጀርባ ስዞር ዱባዋ ፊቴ ተደቀነች፤ እንደ ባለርስት ተንሰራፍታለች፣ ጡጫ የምታክል ፍሬም ይዛለች። አባዬ ለሥራ ዋና ከተማው ፕራያ ነበር፣ የሚያየኝ የለም። በሁለት እጄ ያዝኩና ነቀልኳት።

ሥሯ ከአፈሩ አልነበረም የወጣው። ከግድግዳው ነው። የልስን ቁራጭ ይዞ ወጣ፣ ውሃም ጠብ ጠብ አለ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ኛ ዙልሚራ ከኋላዬ።

«ዱባዎን እየነቀልኩ ነው።»

«የእኔ? ያንቺ አይደለችም እንዴ? ፀጉርሽን የታጠብሽበትን የምትደፊባት መስሎኝ ነበር።»

«በየትኛው ውሃ? ቁልፉ እርስዎ አንገት ላይ አይደል?»

«ወር ሙሉ ያስጨነቀኝ እሱ ነው፤ በምን እንደምትከፍቺው። ሳሙና ሳሙና ትሸቺ እንደሆነ እንኳ ሞከርኩ።»

«እና?»

«ፍየል ፍየል ነው የምትሸቺው።»

ሁለታችንም ግድግዳውን አየን። ስንጥቁ ከመሬት በላይ ትንሽ ብሎ፣ ፀጉር በምታክል ቅጥነት ወደ ጎን ይሄዳል። የአደሪቶ ግንብ እያለቀሰ ነበር።

ከአባዬ ሥራ የተረፈ ሲሚንቶ አልጋ ሥር ነበረ። ወለል ላይ የቀረችውን ውሃ በሳፋ አወጣን፣ እሷ በመሰላል ወረደች፣ እኔ ሲሚንቶውን አቡክቼ በባልዲ አቀበልኳት። ከላይ ሆኜ ሳያት ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ በመዳፏ ትለስናለች፣ በግንበኛ ማንኪያ እንኳ አይደለም። ስትወጣ ደቡቡ አጉረመረመ።

እሷም በቀጥታ ሄዳ ቆርቆሮዋን ከአሸንዳው ነቀለቻት። ልስኑ ሳይደርቅ ውሃ ከገባ ታጥቦ ይወርዳል፣ ስለዚህ የዛሬው ይለፈን፣ የሚቀጥለውን እናጠራቅማለን አለች። የሚቀጥለውን! ማዶ እንዲህ ነው የሚባለው፤ ዛሬ ካለፈ ነገ ይዘንባል። እኛ ጋ የሚቀጥለው አንዳንዴ ከዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ቢገባ ግን፣ ቢያፈስም እንኳ፣ አባዬ ሥራውን ጨርሶ ሲመጣ ሙሉ ያየዋል፤ እኔም እቀራለሁ። እስከ ገና ቢያልቅ ያን ጊዜ ያስቡበታል። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ፣ ወይም የገባኝ መሰለኝ።

«እንድሄድ ስለፈለጉ ነው» አልኳት።

አየችኝ። ክሩን ከአንገቷ አወጣችና ቁልፉን ከቆርቆሮዋ ጋር እጄ ላይ አኖረች። «እንግዲህ እንደፈለግሽ አድርጊ። እኔ ድስት ልፈልግ» ብላ ሄደች።

ዝናቡ መጣ። ካፊያ አይደለም፣ ጣሪያው ላይ ጠጠር እንደሚደፋ ያለ ነው። ግድግዳው ላይ ቆሜ ቆርቆሮዋን እንደያዝኩ ቀረሁ። አቧራው ታጥቦ ወረደ፣ ውሃው ጠራ፣ እኔ ከዕድሜዬ እኩል የጠበቅኩት የሚመስለኝ ውሃ አጠገቤ አልፎ በቁልቁለቱ ወደ ባሕር ይሮጣል። እጄን ብዘረጋ ይበቃ ነበር። በክዳኑ አጮልቄ አየሁ፤ ልስኑ ገና እርጥብ ነው፣ የመዳፏ አሻራ ይታያል። ግቢው ውስጥ ድስት፣ ሳፋ፣ የፍየሎቹን ገበቴ፣ በርሜል፣ በመጨረሻም የበቆሎውን ትልቅ ሙቀጫ እየጎተተች አሸንዳው ሥር ትደረድራለች፣ ሲሚንቶው ፀጉሯ ላይ ነው። ሰውን ለማባረር ይህን ያህል የሚደክም የለም። ነገሩ አላሳመነኝም፣ ግን ቆርቆሮዋን አልመለስኳትም። ወርጄ ሙቀጫውን አብሬያት ገፋሁ።

ከዚያ በኋላ ሰማዩ ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ። በየቀኑ ጭሱን አየሁ፤ ወደ ባሕር። በየቀኑ እሷን በጎሪጥ አየሁ፤ እሷም ሰማዩን። የሳፋውን ጠጣን፣ የበርሜሉን ፍየሎቹ ጠጡ፣ የሙቀጫውን ለበቆሎ ቅቅላችን ለካቹፓ አዋልነው። ዶና ሊዝቴ መቼ ነው የምትመጣው እያለች በሰው ላከች። የልብሴን ሻንጣ ከአልጋ ሥር አውጥቼ አቧራውን ጠረግኩት፣ ለማንኛውም።

ሁለተኛው ዝናብ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ማንም ቀና ብሎ ሳያይ መጣ። ጭሱም አልተናገረ፣ ሬዲዮኑም። ቆርቆሮዋን እኔ መለስኳት። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ዘንቦ ቆመ፣ ዓመቱም በዚያው አለቀ። ልስኑ አልተነቃነቀም። ገንዳው ግን እስከ ወገቡ ነው የደረሰው፤ ግማሽ ነው፣ ማን ይዋሻል።

አባዬ በጥቅምት ሥራውን ጨርሶ መጣና ኮፍያውን ሳያወልቅ ሞላ ወይ ብሎ ጠየቀ። እኔ እግሬን አየሁ።

«ሞልቷል» አለች ኛ ዙልሚራ። ቁልፉን ከመጀመሪያው ዝናብ በነጋታው መልሼላት ነበር፣ አንገቷ ላይ ነው።

እሱ እስኪ ልየው ብሎ እጁን ዘረጋ።

«ካላመንከኝ እንካ። ግን ከከፈትከው አይቀር፣ ያን የተሰነጠቀ ግድግዳ ማን እንደገነባው ኞ ቶቲ ባለበት እንነጋገርበታለን።»

የአባዬ እጅ አየር ላይ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ኮፍያውን ለማውለቅ የተነሳ መሰለ። ዶና ሊዝቴ ሌላ ልጅ ትፈልግ አለ። ሻንጣዬን መልሼ ከአልጋ ሥር ገፋሁት።

አሁን በየጠዋቱ ሁለታችን ክዳኑን ከፍተን እናያለን። እኔ እሷ ብዙ እንዳትቀዳ፣ እሷ እኔ እንዳልቀዳ። ከዚያ እኔ ከገንዳው ጀርባ ዞሬ ግድግዳው ሥር የበቀለ ነገር እንዳለ እፈልጋለሁ። ችግሩ፣ ከዝናቡ በኋላ ኮረብታው፣ ማሳው፣ የኞ ቶቲ ጣሪያ ሳይቀር ለምልሟል። ሰው ሁሉ እንዴት ያምራል ይላል። እኔ ግን እስኪደርቅ እየጠበቅኩ ነው፤ ሁሉ ደርቆ ማን ለምልሞ እንደሚቀር ለማየት።