የኢመልዳ መዝገበ ቃላት

«እማ፣ መዝገበ ቃላቱ የት ሄደ?»

ሮዛልባ ጎረቤት ያመጣውን ቡና ከፔርሙስ እየቀዳች ነበር። ሐዘን ቤት እሳት አይነድምና ቡናውም ምሳውም ከደጅ ነው የሚመጣው።

«የቱ መዝገበ ቃላት?»

«የላቲኑ ነዋ! የአክስቴ! መደርደሪያው ላይ የለም።»

የሮዛልባ ፊት አመድ መሰለ። በአገሩ ልማድ ሟች የሚወደውን ነገር ይዞ ይሄዳል፤ አንዱ መነጽሩን፣ ሌላው መጫወቻ ካርታውን። እህቷ ኢመልዳ ደግሞ ከዚያ መጽሐፍ በላይ የምትወደው ነገር አልነበራትም።

«ጎኗ ላይ አደረግሁላት» አለች በሹክሹክታ። «ባዶ እጇን እንዳትሄድ ብዬ።»

«ሳጥኑ ውስጥ?! ሐሙስ ማትሪክ አለብኝ እኮ! የላቲን ትርጉም! ይዘን የምንገባው እሱን ብቻ ነው!»

«ቀስ በይ፣ እንግዳ ይሰማል።»

ልጇ ዶናታ ግድግዳውን ተደገፈች። ሳጥኑ ሲዘጋ ማየት ፈርታ በረንዳ ላይ ተደብቃ ነበር፤ ባትደበቅ ኖሮ ታስጥለው ነበር። አሁን መጽሐፉም ባለቤቱም አፈር ገብተዋል። ብትወድቅ የከተማው ሰው ምን እንደሚል ከወዲሁ ተሰማት፦ «የኢመልዳ የእህት ልጅ፣ ያውም በላቲን!»

ኢመልዳ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዕድሜዋን ሙሉ ላቲን ያስተማረች፣ ስሟ ሲነሳ ጎልማሳው ሁሉ ኮቱን የሚቆልፍላት ሴት ነበረች። ጣቷን በስም መጥሪያው ላይ ቁልቁል ስታንሸራትት ክፍሉ ትንፋሹን ይውጣል። አንድ ጣራ ሥር ለሚኖሩትም ምሕረት አልነበራት። ዶናታ ገና የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ እጇን ወደ መዝገበ ቃላቱ ስትሰድ፣ አክስቷ መዳፏን ሽፋኑ ላይ ትጭንበታለች።

«መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንብቢ።»

«ምንም አልገባኝም እኮ፣ አክስቴ!»

«አይግባሽ። ፍሪ። እየፈራሽ አንብቢ፤ ከዚያ ትከፍቺዋለሽ።»

ጓዳ ውስጥ የተባለውን ሁሉ ሳሎን ተቀምጦ የሰማው የኢመልዳ የድሮ ተማሪ፣ ፋርማሲስቱ ኤጂድዮ ነው። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ግን የኢመልዳ ባዶ ወንበር ፊት ለፊት መቀመጥ አቅቶት ጥግ ይዟል። በዚያች ከተማ ደግሞ ወሬ ከባለቤቱ ቀድሞ ቤት ይገባል። በማግሥቱ በአንድ እጁ የተጋገረ የፓስታ አልፎርኖ ትሪ፣ በብብቱ ያረጀ የላቲን መዝገበ ቃላት ይዞ መጣ።

«እንኪ ልጄ። እኔን አሳልፎኛል፤ እኔን ያሳለፈ ማንንም ያሳልፋል።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ዶክተር። ግን እርስዎም ይፈሯት ነበር?»

«ነበር ትያለሽ? ያቺን ወንበር ባየሁ ቁጥር ስሜን የምትጠራኝ እየመሰለኝ ያልበኛል!»

እሱ ብቻ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋም፣ ትራፊክ ፖሊሱም ከድስታቸው ጋር የየራሳቸውን መዝገበ ቃላት አመጡ፤ ጠረጴዛው ምግብ ማስቀመጫ አጣ። ዶናታ ግን ፍርሃቱ አልለቀቃትም። መጽሐፉ ተተካ፤ ሽፋኑ ላይ የሚጫነው የአክስቷ እጅ ግን አልተተካም።

«ሐሙስ አልሄድም» አለች ጓዳ ውስጥ። «እማ፣ አልችልም። ከጠዋት ጀምሮ ያስመልሰኛል።»

ሮዛልባ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እሷንም ያስመልሳት ነበር።»

«ማንን?»

«ኢመልዳን። ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት፣ በየጠዋቱ፣ ጡረታ እስክትወጣ። እናታችን እንዳትሰማ ቧንቧውን የምከፍትላት እኔ ነበርኩ። እናታችን ካረፈችም በኋላ አንቺ እንዳትሰሚ እከፍትላት ነበር።»

«አክስቴ? ምን ፈርታ?»

«እናንተን ተማሪዎቹን ነዋ! ጠይቃችኋት ሳታውቀው የቀረች እንደሆነ።»

ዶናታ ሲኒና ትሪውን ገፋ ገፋ አድርጋ የኤጂድዮን መጽሐፍ ከፊቷ አኖረች፤ አክስቷ ከመታመሟ በፊት የመረጠችላትን የላቲን ጽሑፍ አጠገቡ ዘረጋች። የመጀመሪያው መስመር አልገባትም። ሁለተኛውም። ቀኝ እጇ ሳታስበው ወደ መዝገበ ቃላቱ ሄደ።

ግራ እጇ ቀደመው። መዳፏን ሽፋኑ ላይ ጫነች፤ አላነሳችውም። ጮክ ብላ ማንበብ ቀጠለች፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ድምፅዋ ተሰበረና ሲቃ አነቃት፤ እንዲያም ሆና አነበበች።

ሳሎን ያሉት ለቀስተኞች ወሬያቸውን ገታ አደረጉ። ሮዛልባ ተነሥታ ቧንቧውን ከፈተችው።